ባለ ገመድ የደህንነት ካሜራ በገዛ እጅ መግጠም፦ አዳማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግቢያችን ውስጥ የነበረው የውሃ ፓምፕ በአንድ ሌሊት ተነቅሎ ሲሄድ ነው እኔና ባለቤቴ ካሜራ ለመግጠም የቆረጥነው። አራት ካሜራና አንድ መቅጃ ገዛን። ሥራው ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ እዚሁ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ያሉ ዘመዶችም የሰፈር ሰዎችም «እስቲ እኛም ጋ ና» ይሉኛል። ሄጄ የማላውቅበት ሳምንት ጥቂት ነው። የሚጠይቁኝ ነገር ይመሳሰላል፤ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

የኤሌክትሪክ ሙያ የለኝም። ራሴ መግጠም እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ካሜራው ጋ የሚደርሰው ኃይል ዝቅተኛ ነው። እንደ ዓይነቱ 12 ቮልት ወይም 48 ቮልት ገደማ ነው። 220 ቮልት ያለው መቅጃውና የካሜራው አዳፕተር የሚሰኩበት ሶኬት ላይ ብቻ ነው። ሶኬቱ ድሮም ካለ የመብራት መስመር አትነኩም። አዲስ ሶኬት ማውጣት ካስፈለገ ግን ለእሱ ኤሌክትሪሺያን ይምጣ። ግድግዳ ስትበሱም ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ትይዩ ወደ ላይና ወደ ታች አትብሱ፤ ሽቦው የሚሄደው በዚያ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ መሰላሉ ነው። አዳማ ነፋሻማ ከተማ ናት። ከከተማው ዳር የቆሙት ሁለቱ የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች፣ አንዱ 51 አንዱ 153 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው፣ ያለ ምክንያት እዚህ አልተተከሉም። በአንድ እጅ ድሪል ይዞ መሰላል ላይ የቆመን ሰው ድንገተኛ ነፋስ በቀላሉ ያናጋዋል። የከፍታ ሥራውን ነፋሱ ረጋ ባለበት ሰዓት ጨርሱት። ከታች መሰላሉን የሚይዝ ሰው ሳይኖር አንድም ደረጃ አትውጡ።

የዋይፋይ ካሜራ እያለ ለምን በገመድ ልድከም?

«ገመድ አልባ» የሚባለውም፣ በባትሪ የሚሠራ ካልሆነ፣ የመብራት ገመድ ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ገመድ ከመሳብ አታመልጡም። የዋይፋይ ምልክት ደግሞ ሁለት የብሎኬት ግድግዳና አንድ የቆርቆሮ አጥር ካለፈ በኋላ ይደክማል። ምስሉ የሚቆራረጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ባለ ገመዱ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረ ቀንና ሌሊት ይቀዳል።

ሳሎን ውስጥ አንድ ካሜራ ብቻ ለሚፈልግ፣ ወይም በየዓመቱ ቤት ለሚቀይር ተከራይ ዋይፋዩ ይበቃዋል። ለግቢ ግን ገመድ።

ዲቪአር ይሻላል ኤንቪአር?

ሁለቱም የመቅጃ ዓይነቶች ናቸው። ዲቪአር ከአናሎግ ካሜራ ጋር ይሠራል። ኮአክሲያል ኬብል (የዲሽ ገመድ ዓይነቱ) ለምስሉ፣ ሌላ ገመድ ለ12 ቮልቱ ይሳብለታል። ኤንቪአር ከኔትወርክ ካሜራ ጋር ነው። ፒኦኢ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ኃይሉም ምስሉም በአንድ የኔትወርክ ኬብል ይሄዳል። ለጀማሪ እሱን እመክራለሁ፤ የሚሳበው ገመድ በግማሽ ስለሚቀንስ። አንድ ኬብል ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ሜትር ድረስ ይሄዳል። የተለመደው የፒኦኢ ደረጃ ለአንድ ካሜራ እስከ 15.4 ዋት ይለቃል፤ ለተራ የግቢ ካሜራ በቂ ነው።

ቤታችሁ ውስጥ የድሮ ኮአክሲያል ገመድ ተዘርግቶ ካለ ግን አትንቀሉት። ዲቪአር ገዝታችሁ በእሱው ተጠቀሙ።

ኬብሉ ጥሩ መሆኑን ሱቅ ላይ እንዴት ልወቅ?

ይኼን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም። እኔም ሳልጠይቅ ገዝቼ ነው የተማርኩት። ሰው ስለ ካሜራው ሜጋ ፒክስል አንድ ሰዓት ይከራከርና ኬብሉን «የረከሰውን ስጠኝ» ይላል። ካሜራ ቢበላሽ በአሥር ደቂቃ ይቀየራል። ኬብል ቢበላሽ ግን ኮርኒስ ሊፈታ ነው።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ውስጡ ንጹሕ መዳብ ነው። ሌላው ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ሁለቱም ሲታዩ ቀይ ናቸው፤ ካርቶናቸውም ይመሳሰላል። የመጀመሪያውን ኬብል የሸጠልኝ ሰው «ኦሪጅናል መዳብ ነው» ብሎኝ ነበር። ቤት ወስጄ አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ስፍቃት ከቀዩ ሥር እንደ ብር የሚያበራ ነጭ ወጣ። ሁለት ሦስቴ ወዲያ ወዲህ ሳጥፋት ደግሞ ተሰበረች። ንጹሕ መዳብ ተፍቆም ቀይ ነው፤ ሲታጠፍም ይታገሣል።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ፣ ሳትከፍሉ፣ ጫፉን አስቆርጣችሁ ፍቁት። ጥሩ ነጋዴ አይቆጣም። ክብደቱንም በእጃችሁ መዝኑት፤ የመዳቡ ካርቶን ከበድ ይላል። አሉሚኒየሙ ኃይል የማስተላለፍ አቅሙ ዝቅ ያለ ነው፤ ኬብሉ በረዘመ ቁጥር ካሜራው የሚያገኘው ቮልት ይቀንሳል።

ሙሉ ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ 305 ሜትር ነው። የእኛ ግቢ አራቱ መስመሮች ተደምረው 87 ሜትር ስለሆኑ በሜትር ነው ያስቆረጥነው። በሲባጎ ለኩ፤ ወደ ላይ መውጫውንና መውረጃውን አትርሱ። ለእያንዳንዱ መስመር ሁለት ሦስት ሜትር ትርፍ ያዙለት። ፀሐይ ለሚያገኘው ክፍል ደግሞ ለውጭ የተሠራውን ጥቁር ሽፋን ያለውን ግዙ። ተራው ሽፋን አዳማ ፀሐይ ላይ ከርሞ ይሰነጣጠቃል።

ስንት ካሜራ ያስፈልገኛል? የት ልስቀላቸው?

ለተራ ግቢ አራት ይበቃል፤ አንዳንዱ ቤት በሦስት ይሸፈናል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ማታ ወጥታችሁ ግቢያችሁን እንደ ሌባ ዙሩት። በየት እዘላለሁ? የትኛው ጥግ ጨለማ ነው? የጎረቤት ዛፍ አጥሬ ላይ ተደግፏል? እኛ ጋ መልሱ ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ነበር። ዋናውን በር ብቻ ልናስጠብቅ አስበን ነበር፤ ፓምፑ ግን በዋናው በር አልወጣም።

ቀጥሎ የሌንሱን ቁጥር እዩ። 2.8 ሚሊ ሜትር ሰፊ ያያል፤ ሙሉ ግቢ ይዞላችሁ ይመጣል። ግን ሰፊ ስለሚያይ ሰውን ያሳንሳል። የማይታወቅ ሰው ፊት በደንብ እንዲለይ በአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል ያህል ያስፈልጋል ይባላል። ባለ 4 ሜጋ ፒክስል ካሜራ በ2.8 ሌንስ ይኼን የሚሰጣችሁ እስከ 4 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ «አንድ ሰው ገብቷል» ትላላችሁ እንጂ «እገሌ ነው» ለማለት ይቸግራል። በ6 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ወደ 10 ሜትር ይደርሳል። እኔ ግቢውን በ2.8፣ መግቢያውን በ6 አድርጌዋለሁ።

ከፍታው ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ይሁን። ከዚያ በታች ከሆነ በእጅ ይደረስበታል። ከዚያ በላይ ከሆነ የምታገኙት ፊት ሳይሆን የኮፍያ ጫፍ ነው። በራችሁ ወደ ምሥራቅ የሚከፈት ከሆነ ካሜራውን ፊት ለፊት አታድርጉት፤ ጠዋት ፀሐይዋ ሰውን ሁሉ ጥቁር ጥላ ታደርገዋለች። ወደ ጎን ዘወር አድርጉት።

ከመብሳታችሁ በፊት ሁሉንም ዕቃ ሳሎን መሬት ላይ ዘርግታችሁ አገናኙትና አብሩት። የተበላሸ ካለ እዚያው ይታወቃል። ከዚያ አንድ ሰው ካሜራውን በታሰበው ቦታ ይያዘው፣ እናንተ ስክሪኑን እዩ። እኛ ሁለቱን ካሜራ ቦታ የቀየርነው በዚህ ሰዓት ነው፤ አንድም ትርፍ ቀዳዳ አልበሳንም።

ግድግዳዬ የጭቃ ነው። ይይዛል?

ጭቃው አይይዝም፤ እንጨቱ ይይዛል። ግድግዳውን በጣታችሁ እያንኳኳችሁ ቋሚውን ፈልጉ። ድምፁ ጠጠር የሚልበት እሱ ነው። መጀመሪያ ጣውላ በረዥም ብሎን ከቋሚው ጋር እሰሩ፣ ካሜራውን ጣውላው ላይ። ነፋስ የሚያወዛውዘው ካሜራ ምስሉ ስለሚንቀጠቀጥ እንቅስቃሴ ያየ መስሎት ሌሊቱን ሙሉ ማንቂያ ይልክላችኋል። ብሎኬት ከሆነ በፊሸር (ብሎኑን በሚይዘው የፕላስቲክ ማስገቢያ) ይያዛል፤ የብሎኬቱ ሆድ ባዶ ስለሆነ ግን መጋጠሚያው ሲሚንቶ ላይ ብትበሱት ይሻላል።

ኬብሉን በየት ላሳልፍ?

በተቻለ መጠን ከኮርኒስ በላይ። ውጭ የሚወጣውን በፒቪሲ ቱቦ ውስጥ። ኮርኒስ ውስጥ አይጥ ካለ እዚያም ቱቦው አይቅርባችሁ፤ አይጥ የገመድ ላስቲክ ትወዳለች። ከመብራት መስመር ቢያንስ አንድ ስንዝር ራቁ። መሻገር ግድ ከሆነ መስቀለኛ ሆኖ ይሻገር እንጂ ጎን ለጎን አይሂድ።

ሁለት ነገር በዓይኔ አይቻለሁና ላስጠንቅቅ። አንደኛው ካሜራው ጅራት ላይ ያለው መገናኛ ነው። ካሜራው ራሱ አይፒ66 ወይም አይፒ67 ተብሎ ዝናብ ይቋቋማል፤ መገናኛው ግን አይቋቋምም። ከአንድ ክረምት በኋላ «ካሜራው ሞተ» የተባለ ቤት ሄጄ መገናኛውን ስፈታው የመዳቡ ጥርሶች አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ነበር። ጫፉ ተቆርጦ አዲስ መሰኪያ ሲመታለት ካሜራው ተነሣ። መገናኛውን አብሮት በሚመጣው የፕላስቲክ ሽፋን ዝጉት፣ በናስትሮ ጠቅልሉት፣ ከተቻለ ውሃ በማያስገባ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ክተቱት።

ሁለተኛው የቀዳዳው ነገር ነው። ቀዳዳውን ከውስጥ ወደ ውጭ ትንሽ ዘቅዘቅ አድርጋችሁ ብሱ። ኬብሉም ወደ ቀዳዳው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ተመልሶ ይውጣ። ዝናቡ ኬብሉን ይዞ ሲወርድ ከታችኛው ጥምዝ ላይ ይንጠባጠባል፤ ግድግዳችሁ ውስጥ አይገባም። ቀሪውን ክፍተት በሲሊኮን ሙሉት።

የኬብሉን ጫፍ ራሴ መምታት (መሰኪያውን መግጠም) እችላለሁ?

መምቻዋ መሣሪያ ካለች አዎ። ከሌለች የኮምፒዩተር ጠጋኝ ይመታላችኋል። የስምንቱ ሽቦዎች ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ፣ የመሰኪያው መቆለፊያ ምላስ ወደ ታች ሆኖ፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። የኬብሉ የውጪ ሽፋን መሰኪያው ውስጥ ገብቶ ካልተነከሰ ትንሽ ሲጎተት ይወልቃል።

ሃርድ ዲስኩ የስንት ቀን ይይዛል?

ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ከላከ በሰዓት 1.8 ጊጋ ባይት ይሆናል፣ በቀን 43 ገደማ። አራት ካሜራ በቀን 173 ጊጋ ባይት ይጽፋል ማለት ነው። 2 ቴራ ባይት በዚህ አካሄድ 11 ቀን ያህል ይይዛል፤ ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ ይቀጥላል። ኤች.265 የሚባለውን መጭመቂያ ብታበሩ በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ ሦስት ሳምንት ትጠጋላችሁ። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ቅዳ ካላችሁት ደግሞ ከዚያም ይረዝማል፤ እኔ ግን መግቢያውን ሁልጊዜ ነው የማስቀዳው።

ዲስኩ ለካሜራ የተሠራ ይሁን። የተራ ኮምፒዩተር ዲስክ ያለ ዕረፍት ለመጻፍ አልተሠራም።

መብራት ሲጠፋስ?

ሌባ መብራት የጠፋበትን ሌሊት ይወዳል። ስለዚህ ይኼን ለነገ አትበሉት። አራት ካሜራና መቅጃው አንድ ላይ 40 ዋት ገደማ ይበላሉ። ውስጡ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ባትሪ ያለው ትንሹ ዩፒኤስ አንድ ሰዓት ገደማ ያቆያቸዋል። 100 አምፒር ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር ከሆነ፣ ባትሪውን ከግማሽ በታች ሳታወርዱት፣ 12 ሰዓት ያህል ታገኛላችሁ።

ዩፒኤሱ ሌላም ጥቅም አለው። መብራት ሲመጣ ከፍ ብሎ የሚመጣው ቮልት መቅጃውን እንዳይመታው ይከላከላል። ቴሌቪዥኑን ግን እሱ ላይ አትሰኩ፤ ባትሪውን ይጨርሰዋል።

ቀን ጥርት ብሎ ያያል፣ ማታ ግን አያይም። ምን ሆኖ ነው?

መጀመሪያ መስታወቱን ጥረጉ። በበጋው ነፋስ የአዳማ አቧራ በአንድ ሳምንት ይለብሰዋል። ማታ የካሜራው ኢንፍራሬድ መብራት አቧራው ላይ ያርፍና ምስሉ በሙሉ ጭጋግ ይመስላል። ሸረሪትም ታስቸግራለች። መብራቱ ነፍሳት ስለሚስብላት ድሯን ሌንሱ ፊት ትሠራለች፤ ማታ አንዷ ክር ስክሪኑ ላይ እንደ ነጭ ገመድ ተጋድማ ትታያለች። እኔ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ረዥም እጀታ ባለው መጥረጊያ ዙሪያውን አጸዳለሁ፣ መስታወቱን በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ አብሳለሁ።

ካሜራው ለግድግዳ ወይም ለጣሪያ ጠርዝ በጣም ከተጠጋም መብራቱ እዚያ ተንጸባርቆ ይመለስና ቀሪው ጨለማ ይሆናል። ትንሽ ወደ ውጭ አውጡት።

የሚጠፋና የሚበራ ከሆነ ሌላ ነው። አንዲት ጎረቤታችን እትዬ ካሜራቸው በየማታው 1 ሰዓት ሲሆን እየጠፋ ሁለት ጊዜ ካሜራ ቀየሩ። የሸጠላቸው ሰው ሦስተኛ ሊሸጥላቸው ሲል ጠሩኝ። ካሜራው ምንም አልሆነም። ሲመሽ ኢንፍራሬዱ ይበራል፣ የሚፈልገው ኃይል ይጨምራል፣ 30 ሜትር የተሳበው ቀጭን የ12 ቮልት ገመድ ደግሞ ያን ማድረስ አይችልም። አዳፕተሩን ወደ ካሜራው አስጠግተን ገመዱን ስናሳጥረው ቀጥ ብሎ ሠራ። ካሜራ ከመቀየራችሁ በፊት፣ ማታ፣ ካሜራው ጫፍ ላይ ያለውን ቮልት በቴስተር ለኩ።

በስልኬ ማየት እፈልጋለሁ። አደጋ የለውም?

ኢንተርኔት ካላችሁ መቅጃውን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኙት፣ የኩባንያውን መተግበሪያ አውርዱ፣ ኪውአር ኮዱን አንሡ። አለቀ። አደጋው የይለፍ ቃሉ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በዓለም ዙሪያ በገፍ ተቆጣጥሮ ለሳይበር ጥቃት አሰልፏቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ስታበሩት የይለፍ ቃሉን ቀይሩ። ስልክ ቁጥራችሁን ወይም የልጃችሁን የልደት ቀን አታድርጉት። የገጠመላችሁ ሰው ካለም ከሄደ በኋላ እንደገና ቀይሩት።

ጎረቤት ቅር ቢለውስ?

ቅር ሊለው ይችላል፤ መብቱም ነው። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የተቀመጠ መብት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ካሜራችሁ የእናንተን ግቢና በር ይይ። የጎረቤት ግቢ ጥግ ከገባ በመቅጃው ላይ «ማስክ» የሚለውን ተጠቅማችሁ ያንን ክፍል በጥቁር ሸፍኑት። እኔ ከመሰቀሉ በፊት የጎን ጎረቤታችንን ጋሼን ጠርቼ ስክሪኑን አሳየኋቸው። ቡና ጠጥተን ተለያየን። አሁን መንገዱ ላይ አንድ ነገር ሲሆን መጀመሪያ የሚደውሉት እሳቸው ናቸው።

ተከራይ ካላችሁ በሩን አትቅረጹበት። የቤት ሠራተኛ ካለች ካሜራ መኖሩንና የት እንዳለ ንገሯት፤ የምትተኛበትና የምትታጠብበት ቦታ ፈጽሞ አይታሰብም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ኮሪደሩ የጋራ ነው፤ የነዋሪዎችን ኮሚቴ ሳትጠይቁ አንድ ብሎን አታስሩ።

ሌባው መቅጃውን ራሱን ይዞት ቢሄድስ?

ቴሌቪዥን ሥር አታስቀምጡት። የሚቆለፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ግን መቅጃው አየር እንዲያገኝ የቁም ሳጥኑን ጀርባ ብሱት፣ የአዳማ ሙቀት ዲስክ ይገድላል።

ፖሊስ ምስሉን ሲጠይቀኝ ሰዓቱ አልገጥም አለኝ። ምን ላድርግ?

ይኼ ብዙ ሰው ያደናግራል። መቅጃው የሚያውቀው የፈረንጅ ቀንና የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ስክሪኑ ላይ 02:30 የሚለው እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል የምንለው ነው። እኛ ማታ 2 ሰዓት ተኩል የምንለው ደግሞ 20:30 ሆኖ ነው የሚገኘው። ቀኑም እዚያ ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን ይቀየራል። ለጥምቀት አጥቢያ፣ ለጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል የሆነን ነገር የምታገኙት 2025-01-19 በሚለው ሥር 02:30 ላይ ነው። የከተራ ዕለት ማታ 2 ሰዓት ተኩል የሆነው ግን 2025-01-18፣ 20:30 ነው። ቃል ስትሰጡ ሁለቱንም አቆጣጠር ጽፋችሁ ስጡ።

ሲገጠም የሰዓት ቀጠናውን +3 አድርጉት። የበጋ ሰዓት ማስተካከያ የሚል ምርጫ ካለ አጥፉት፤ እኛ ጋ የለም። ኢንተርኔት የሌለው መቅጃ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ይዛነፋል፤ በወር አንዴ ከስልካችሁ ጋር አስተያዩት። አንድ ነገር ከተፈጠረ ደግሞ አትዘግዩ። ዲስኩ በ11 ቀን የቆየውን ማጥፋት ይጀምራል። ከድርጊቱ ግማሽ ሰዓት በፊትና በኋላ ያለውን በፍላሽ ገልብጡ፤ የመቅጃውን ስክሪን በስልክ ቀርጾ መስጠት ምስሉን ያደበዝዘዋል። አንዱን ቅጂ ስጡ፣ አንዱን ቤት አስቀምጡ።